ለፎቶ የተጀመረ፣ ያለ ፎቶ የኖረ ትዳር

እህታችንን ለመሸኘት ከሩቅም ከቅርብም የተሰበሰባችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሙያ ባልደረቦች፤ በሕዝብ ዘንድ «ደወል» በሚል የመድረክ ስም፣ በቤተሰብ ዘንድ ደግሞ «ትልቋ» እየተባሉ የኖሩትን የድምፃዊቷን ዜና ሕይወት ታናሽ ወንድማቸው ያነብላችኋል። ድምፃዊቷ በመጨረሻው ሕመማቸው ወቅት ይኸንኑ ወንድማቸውን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ «አንተ ልጅ፣ ቀብሬ ላይ እንዳትዋሽ። ‘በፍቅርና በስምምነት ኖሩ’ ብለህ ካነበብክ ከሳጥኑ ተነስቼ ነው የማቋርጥህ» ብለው ስላዘዙ፣ የሚነበበው ሁሉ በዚያ ትእዛዝ መሠረት የተጻፈ ነው።

ድምፃዊቷ ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከአውቶቡስ መካኒክ አባታቸው የቤቱ በኩር ሆነው ተወለዱ። ቤቱ አንድ ክፍል ሲሆን ግማሹ የእናታቸው የስፌት ሱቅ ስለነበረ፣ የስፌት መኪናዎች ከጠዋት እስከ ማታ ሲንኳኩ በሚውሉበት በዚያ ቤት ውኃ ለመጠየቅ እንኳ መጮኽ ግድ ይል ነበርና፣ ኋላ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ያለ ድምፅ ማጉያ ያዳረሰው ጉሮሯቸው የተሟሸው እዚያ ነው። ትምህርት ቤት በገቡም ጊዜ የሙዚቃ መምህራቸው «የሌሎቹን ልጆች ድምፅ ዋጥሽብኝ» ብለው ከሰልፉ ጀርባ፣ ከበሩ አጠገብ ቢያቆሟቸው፣ «እዚህ ከቆምኩማ መንገደኛው ሁሉ ይሰማኛል» ብለው በደስታ መቆማቸውን አብረዋቸው የተማሩ እስከ ዛሬ እየሳቁ ያወሩታል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ፈጽመው በአንድ ሆቴል በስልክ ኦፕሬተርነት ተቀጠሩ። የሆቴሉ ባንድ ዘፋኝ ታማ በቀረችበት ዕለት፣ የባንዱ መሪ በስልክ ድምፃቸውን ሲሰማ የኖረ ሰው ነበርና፣ ማዳመጫውን ከጆሯቸው ላይ አውልቆ መድረክ ላይ አወጣቸው። ወደ ስልኩም አልተመለሱም። ብዙም ሳይቆይ ዘፈናቸው በየሱቁና በየታክሲው የሚሰማ ሆነ፤ ከዚያም ፊልም ላይ እንዲጫወቱ ተጠሩ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ስለ ጋብቻቸው የሚነገረው ከሥሩ ይነገር። የዛሬው ባለቤታቸው በዚያን ጊዜ «ሽቅርቅሩ» የሚል ቅጽል የወጣላቸው ዝነኛ የፊልም ተዋናይ ነበሩ። ሁለቱ በአንድ ፊልም ላይ ሲሠሩ የፊልሙ ባለቤት፣ ተዋደዱ የሚል ወሬ ቢነዛ ፊልሙ ገበያ እንደሚያገኝ አስቦ፣ አብረው ምሳ እንዲበሉ፣ አብረው ከመኪና እንዲወርዱ፣ በኋላም ጭራሽ እንዲጋቡ አግባባቸው። ስለዚህ ጋዜጦች «ይህ ጋብቻ ማስታወቂያ ነው» ብለው ሲጽፉ እውነታቸውን ነበር። ሁለቱም ወጣቶች፣ ሁለቱም ዝና የጠማቸው ነበሩ። እናታቸው ብቻ የሙሽራ ቀሚሱን ሲለኩ፣ በከንፈራቸው የያዙትን መርፌ እንኳ ሳያወጡ፣ «ልጄ፣ ለፎቶ የተሰፋ ልብስ የሚያምረው ፊቱ ነው፤ ጀርባው በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ ነው» ብለዋቸው ነበር። ሙሽራዋ ስቀው አለፉት። በሠርጉ ዕለት ከዘመድ ይልቅ ካሜራ በዝቶ፣ መብራቱ አላማረም ተብሎ ቀለበቱ ወልቆ እንደገና እንዲጠለቅ ተደረገ።

ካሜራው ተሰብስቦ ሲሄድ ሁለት እንግዶች በአንድ ጣሪያ ሥር ቀሩ። ጠያቂ ሲመጣ «የኔ ፍቅር» ይባባላሉ፤ ጠያቂው ሲሸኝ አንዳቸው ሳሎን፣ ሌላኛቸው መኝታ ቤት ይገባሉ። ተዋናዩ ውጭ ማምሸትና ከሌሎች ሴቶች ጋር መታየት አበዙ፤ ድምፃዊቷም ምላሳቸው ከድምፃቸው ያልተናነሰ ስለነበረ፣ ተናግረው የሚያስታርቁ ሳይሆን ተናግረው የሚያቃጥሉ ሆኑ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የባላቸውን ጫማ በሙሉ ከፎቅ በመስኮት ሲወረውሩ ጎረቤት ፎቶ አንስቷቸው፣ ፎቶው በማግስቱ በየጋዜጣው ወጣ። እሳቸው በዚያ ፎቶ የተቆጩት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፀጉራቸው አለመበጠሩ። ከዚያ በኋላ ተዋናዩ ሌላ ቤት ተከራይተው ወጡ፤ ድምፃዊቷም በጠበቃ የፍቺ ወረቀት አስጻፉ።

ወረቀቱ ሳይፈረም ተዋናዩ ቀረጻ ላይ ሳሉ ከጣሪያ ወድቀው ዳሌያቸውና መንጋጋቸው ተሰበረ። ድምፃዊቷ ሆስፒታል ሲገቡ የታዩ ዕለት ሰዉ ሁሉ «ለፎቶ ነው የሄደችው» አለ። ቤተሰቡ ደግሞ «አዝና ነው» አለ። ሁለቱም አልነበረም፤ የሄዱት ለማስፈረም ነበር። የተዋናዩ ቀኝ እጅ ደኅና ስለነበረ መፈረም ይችሉ ነበር፤ መንጋጋቸው ግን በሽቦ ታስሮ ስለነበረ መናገር አይችሉም። ድምፃዊቷ ወረቀቱን ከቦርሳቸው ከማውጣታቸው በፊት «እስቲ አንድ ሁለት ነገር ልናገር» ብለው ጀመሩ፤ ለዓመታት የታመቀ ነገር ነበርና ነርሷ የጠያቂ ሰዓት አልቋል ብላ እስክታስወጣቸው ድረስ አላበቁም። «ባሌ ከመሐል ሳያቋርጠኝ ያደመጠኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ነው፤ እሱም ተገዶ» ይሉ ነበር።

በማግስቱ የቀረውን ለመጨረስ ተመለሱ፤ በማግስቱም አላለቀም። ፎቶ አንሺዎች በሆስፒታሉ በር መሰብሰብ ሲጀምሩ፣ ሻርፕ ተከናንበው አንሶላ በሚታጠብበት በኩል በኋላ በር መግባት ጀመሩ። ሕዝቡ «መታየት ትወዳለች» ያላቸው ሴት፣ ማንም እንዳያያቸው እርጥብ አንሶላ እየገለጡ ይገቡ ነበር። እያደር ንግግራቸው ከወቀሳ ወጣ፤ ስለ እናታቸው ሱቅ፣ መድረክ ላይ ስለሚይዛቸው ፍርሃት፣ ለማንም ስላልነገሩት ብቸኝነት ማውራት ያዙ። ሽቦው በተፈታ ቀን፣ ታማሚው ወይ ይቅርታ ይላሉ ወይ ይሳደባሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ ከንፈራቸውን በጭንቅ አላቀው፣ «እሺ፣ ቀጥይ» አሏቸው። ወረቀቱ አልተፈረመም።

እንግዲህ ይህ ትዳር የተመሠረተው በእውነተኛ ፍቅር ነው ወይ የሚል ቢኖር፣ መልሱ አይደለም ነው። ቤቱ መጀመሪያ ቆመ፣ መሠረቱ ኋላ ተቆፈረ። ግንበኛ ቢጠየቅ እንዲህ ያለ ቤት አይቆምም ይላል፤ ይኸኛው ግን ቆመ፤ የቆመውም ሁለት ሰዎች በእጃቸው ስለቆፈሩ ነው።

ተዋናዩ ፊታቸው ላይ ጠባሳ፣ እግራቸው ላይ ማነከስ ስለቀረ፣ ለፊልም የሚጠራቸው ጠፋ፤ «አሁንስ ትተዋለች» ያለውም ብዙ ነበር። ድምፃዊቷ አልተዉም። ወደ አነስተኛ ቤት ተዛውረው፣ ባለቤታቸው ለሬዲዮ ድራማና ለማስታወቂያ በድምፅ እንዲሠሩ ትንፋሽ አያያዝ ራሳቸው አስተማሯቸው። ሴት ልጅ፣ ቀጥሎም ወንድ ልጅ ወለዱ። ጠባቸው ግን አልቀረም። አንድ ጊዜ ተዋናዩ ወደ ቀድሞው አመላቸው ሸርተት ሲሉ፣ ድምፃዊቷ ልጆቻቸውን ይዘው እናታቸው ዘንድ ሄዱ። ባልየውም ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሱቁ ደጃፍ ቢቆሙ፣ አማታቸው ሽማግሌም ሳይጠሩ፣ «ደጅ ከምትቆም ግባና ቁልፍ ትከል» ብለው ያ ሁሉ ደንበኛ እያየ ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ሲያስተክሏቸው ዋሉ። ሲመሽ አራቱም ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ያም አመል ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሁለቱን አስቀምጦ «በእውነት ትዋደዱ ነበር ወይ?» ብሎ ሊጠይቃቸው በጋበዘ ጊዜ፣ ድምፃዊቷ የሰጡት መልስ አጭር ነበር፦ «ለማስረዳት ከተቀመጥን ተከሰናል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ለትዳሬ የምቀርብበት ችሎት የለም።» ጣቢያው ደጋግሞ ቢደውልም እንኳን ሊሄዱ፣ ስልኩንም አላነሱ።

በመጨረሻ የሳንባ ሕመም ያዛቸው፤ ድምፃቸውም እየሰለለ ሄዶ ከሹክሹክታ የማይበልጥ ሆነ። ያን ሹክሹክታ አጥርተው የሚሰሙት ባለቤታቸው ብቻ ስለነበሩ፣ ለጠያቂ የሚያስተረጉሙት እሳቸው ሆኑ። ጠያቂ ቁጭ ብሎ አልነሳ ሲል ድምፃዊቷ «አሁንስ አስወጣልኝ» ሲሉ፣ ተዋናዩ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደስ ብሎኛል እያለች ነው» ብለው ይተረጉማሉ፤ ድምፃዊቷም ብርድ ልብሱ ሥር እጃቸውን ይቆነጥጧቸዋል። እንዲህ ሆነው ከረሙ። ከዚያም በማለዳ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው እያሉ፣ በጸጥታ ዐረፉ።

ትናንት ለቅሶ ቤት የባለቤታቸውን እንባ አይቶ «ተዋናይ አይደሉ እንዴ፣ ማልቀስ ሥራቸው ነው» ያለ ሰው እንደነበረ ተሰምቷል። ተዋናዩ በፊልም ሲያለቅሱ ሁላችሁም አይታችኋል፤ እንባቸው በአንድ ጉንጭ ብቻ ይወርዳል፣ ፀጉራቸውም አይዛነፍም። ትናንት የለበሱትን ሸሚዝ ገልብጠው እንደለበሱት ግን እስካሁን አላወቁም፤ የነገራቸውም የለም። ዛሬም የለበሱት ያንኑ ነው።

ድምፃዊቷ የአንዲት የጥርስ ሐኪም ሴት ልጅና የአንድ የድምፅ መሐንዲስ ወንድ ልጅ እናት፣ የአንዲት ልጅ አያት ነበሩ። ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን፣ ይህን ያነበበውን ታናሽ ወንድማቸውንና ዕድሜ የጠገቡ እናታቸውን ትተው አልፈዋል። ጋዜጦች «የቀድሞ ባል» እና «ባል ተብዬው» ሲሏቸው የኖሩትን ሰው በዚህ ዜና ሕይወት በምን ስም እንጥራቸው ተብለው ሲጠየቁ ድምፃዊቷ በሹክሹክታ የተናገሩት አንድ ቃል ነበር፤ የተረጎመውም ባለቤታቸው ሳይሆኑ፣ ጆሮውን ወደ ከንፈራቸው ያስጠጋው ወንድማቸው ነው፦ «ባሌ።»

ባላቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለእናታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ ለባላቸውም ባዶውን ቤት የሚችሉበትን አቅም ይስጥልን። አሜን።