ጎርፉን የት አደረሳችሁት?

ፉሪ ዳገት ላይ ለአንድ ባለሀብት መኖሪያ ቤቶች በመሐንዲስነት ሳሠራ፣ ከጣሪያውና ከአስፋልቱ የሚወርደውን ዝናብ የሚያቆይ ሰፊ ገንዳ አስቆፈርኩ። ውሃው እዚያ ይጠራቀምና በጠጠርና በአሸዋ ተጣርቶ ቀስ እያለ ይወጣል። ባለቤቱ ግን ቦታውን ለሱቅ ፈልጎት «ድፈንልኝ» እያለ ነዘነዘኝ። «አንድ ከባድ ዝናብ ይለፍና ትደፍነዋለህ» አልኩት። ምክንያቴን አልነገርኩትም። ልጅ ሳለሁ ጎርፍ ቤታችንን ከነዕቃው ወስዶብን በሰው በረንዳ ያደግኩ ነኝ።

ሐምሌ ላይ ያ ዝናብ ወረደ። ገና ከማባራቱ ኦቦ ገመቹ የታችኛውን ሰፈር ሽማግሌዎች አስከትለው ዳገቱን ወጡ። ጎርፍ ቤታቸው በገባ ቁጥር ለጠብ ስለሚመጡ፣ ባለቤቱ ሲያያቸው መኪናው ውስጥ ተደበቀ።

«ጎርፉን የት አደረሳችሁት?» አሉኝ ኦቦ ገመቹ በቁጣ። «ዘንድሮ እኛ ቤት አልገባም። በማን ላይ ለቀቃችሁት?»

ወስጄ ገንዳውን አሳየኋቸው። እስከ አፉ ሞልቷል፤ ከቱቦው የሚወጣው ውሃ ግን ቀጭንና ጥርት ያለ ነበር። ኦቦ ገመቹ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ተቀበሉትና ቀና አሉ።

«ገለቶሚ፣ እናመሰግናለን! ማነው ያስቆፈረው? እንመርቀው።»

የመኪናው በር ተከፈተ። «እኔ ነኝ፣ አባቴ!» አለ ባለቤቱ እየሮጠ።

ሽማግሌዎቹ ከበው መረቁት፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ «አሜን» አለ። እኔም ምርቃቱን ተውኩለት። በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት የተመረቀበትን ገንዳ ከእንግዲህ እንዴት አድርጎ ይደፍነዋል? ዞር ብዬ ብቻዬን የሳቅኩት ሳቅ እስካሁን ይጣፍጠኛል።