ሐረጎ ላይ የተሰማ አውሮፕላን

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ የሚኒባሱ ጎማ ባይፈነዳ ኖሮ ሼህ ዘይኑልአቢዲን ያንን ሁሉ ሽበት ይዘው ዋሾ ተብለው ይቀሩ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለው መንደራቸው አንድ ባለሀብት ፋብሪካ ሊተክል መሬት ወስዶ አጠረ። አጥሩ ከመሬቱ ጋር የመንደሩን ምንጭም ዋጠው። ከዚያ ወዲህ የሼሁ ባለቤት ሐዋ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ እስከ ቦርከና ወንዝ እየወረደች ደፍራሽ ውሃ ትቀዳለች። የመንደሩ ጎረምሶች አጥሩን እናፍርስ ብለው መጥረቢያ ሲያነሱ ሼሁ መሀል ገቡ። «ወላሂ፣ ሰውየው አገር ውስጥ የለም። የገባ ዕለት እኔ ራሴ አነጋግሬ ምንጩን አስከፍታለሁ፤ እስከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ» ብለው አስቀመጧቸው።

ለዚህ መሐላ ያበቃቸው ደሴ ያለው የባለሀብቱ ሥራ አስኪያጅ፣ አቶ ምንተስኖት ነበር። በሄዱ ቁጥር ከወንበሩ ተነስቶ ይቀበላቸዋል፣ ሻይ ያስመጣላቸዋል፣ ጌታው ውጭ አገር እንደሆኑና ሲመጡ የመጀመሪያው እንግዳ እሳቸው እንደሚሆኑ ይነግራቸዋል። ሼሁም ትሁት ሰው ይዋሻል ብለው አያስቡም። የዋህነታችን እንዲህ ነው፤ ሻይ ያጠጣን ሁሉ ያከበረን ይመስለናል።

የዚያን ዕለትም ያንኑ መልስ ይዘው ከደሴ ሲመለሱ ነው ጎማው የፈነዳው። ተሳፋሪው ወርዶ በሹፌሩ ላይ ሲያጉረመርም አንዲት ልጅ አፋፉ ላይ ድንጋይ መርጣ ተቀመጠችና ኮምፒውተሯን ከፈተች፤ ሽቦ የተሰካበት ቀጭን ዘንግም ከቦርሳዋ አውጥታ አጠገቧ አቆመች። ሼሁ ቀረብ ብለው ቢያዩ የወዳጃቸው የሀፊዝ ልጅ ፋኢዛ ናት። ኮምፒውተር ተምራ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ለነጋዴዎች ፕሮግራም እየሠራች የምታድር ልጅ።

ረዘም ያለ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ የቤተሰቡም ደኅንነት ተጠየቀ። የሼሁ ዓይን ግን ከዘንጉ አልተነሳም። ምንነቱን ቢጠይቋት፣ በሰማይ የሚያልፉ አውሮፕላኖችን ምልክት እንደሚቀበልላት፣ እሷም በተለይ የሀብታሞቹን ትንንሽ አውሮፕላኖች የት እንደተነሱና የት እንዳረፉ እንደምትከታተል ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ሼሁ ደነገጡ። ጊዜው ጎረቤት አንድ ለአምስት ተጠርንፎ የሚተያይበት ነው፤ የራዲዮኑ ሽቦ የረዘመበት ሰው እንኳ ይጠረጠራል። ከሁሉ በላይ ግን ነገሩ ለሃይማኖታቸው ከበዳቸው።

«ልጄ፣ ቅር አይበልሽ። የሰውን መግቢያና መውጫ መሰለል እኛ ዘንድ ሐራም ነው። አባትሽ ይህን ያውቃል?»

«ያውቃል፣ አብዬ። እሱም መጀመሪያ እንደ እርስዎ ነው የተቆጣኝ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ሙአዚኑ አዛን ሲል ቤቱ ተቀምጦ የሰማ ሰው ሰለለ ይባላል?»

«አስተግፊሩላህ፣ እንዲሰማ አይደል እንዴ የሚጣራው።»

«አውሮፕላኑም ከሌላው ጋር እንዳይጋጭ እኔ እገሌ ነኝ፣ እዚህ ነኝ እያለ ይጣራል። ጥሪው ለሰማ ሁሉ ነው፤ የማን እንደሆነም ማንም ሊያየው በሚችል ቦታ ተጽፎ ይገኛል። የሰው ቤት አልገባሁ፣ የሰው ስልክ አልጠለፍኩ።»

ሼሁ በዚህ አልተረቱም፤ ወሎዬ በአንድ ዙር ክርክር አይለቅም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን የአባቶች ቃል አነሱባት፤ ትልልቅ ሰዎች የት ዋሉ ብሎ መጠየቅ ድሃን ያስበላው እንደሆነ እንጂ እንደማይጠቅመው መከሩ። እሷም አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ ድሃ የት እንደዋለ ቀበሌውም ጎረቤቱም እንደሚያውቅ፣ ትልቅ ሰው የት እንደዋለ ግን የሚያውቅ ስለሌለ «የለም» ከተባለ የለም ሆኖ እንደሚቀር አስረዳቻቸው።

ይህቺ «የለም» የምትባል ቃል ሼሁን ወጋቻቸው። ሳያስቡት የባለሀብቱን ስም ጠርተው፣ አውሮፕላን አለው ሲባል ሰምተው ነበርና፣ የእሱስ ወዴት ነው አሉ።

ፋኢዛ ፈልጋ ስታገኘው ፊቷ ተለወጠ። አውሮፕላኑ በዚያ ክረምት ኮምቦልቻ ደጋግሞ አርፎ ነበር፤ ለመጨረሻ ጊዜ ያረፈው ትናንት ሲሆን ገና አልተነሳም። ጣቷን ቁልቁል ዘረጋች። ጉሙ ገለጥ ባለበት፣ ሜዳው ላይ አንዲት ነጭ ነገር ቆማ ትታያለች።

ሼሁ ወደ ሜዳው አፈጠጡ። መሐላቸው፣ የጎረምሶቹ መጥረቢያ፣ የሐዋ እንስራ ባንድ ጊዜ ፊታቸው ተደቀኑ። ቢሆንም የመጨረሻ መሸሻ አላጡም።

«በቅሎዋ ገበያ ታየች ማለት ጌታዋ ተቀምጦባት ነበር ማለት ነው?»

«አይደለም፣ አብዬ። ማን እንደተሳፈረ አላውቅም፤ ያላወቅሁትንም አልናገርም። ምልክቱ ሄደህ ጠይቅ ይላል እንጂ ከዚያ በላይ አይልም።»

ሼሁን የረታቸው ይሄ መልስ ነው። «አዬ ልጄ! አንቺ በዓይንሽ ያየሽውን እንኳ ለመማል ትፈሪያለሽ፤ እኔ ያላየሁትን ማልኩ» አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ጎማው ተቀይሮ ኮምቦልቻ እንደደረሱ ሁለት ሽማግሎች ጨምረው ወደ ቢሮ ሳይሆን በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በር ሄዱ። በወጉ መሠረት ደጅ የተቀመጠ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል ውሃ አይቀምስም። ዘበኛው ቢቆጣም አልተነሱም። በማግስቱ ባለሀብቱ ሊሄድ በመኪና ሲመጣ ሦስት ጥምጥም መንገዱ ዳር አየ። እንዲህ ያለውን ረግጦ የሚያልፍ የሰው ልጅ ጥቂት ነውና ወረደ። ስለ ምንጩ ቢጠይቁት እሱም ተደናገረ፤ ለካ ምንተስኖት ቧንቧ ዘርግተንላቸው ተስማምተዋል ብሎት ኖሯል። ሳምንት ሳይሞላ ምንጩ ተከፈተ።

ሼሁ ጎረምሶቹን ሰብስበው አፉ በሉኝ አሉ፤ ለመሐላቸውም ማስተሰረያ ይሁነኝ፣ ከፋራ ነው ብለው ጾሙ። ከመጥረቢያው በኋላ እስር ቤት ይከተል እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ ዛሬ ግን ልጆቹ እቤታቸው ናቸው፣ ሐዋም ቦርከናን ረስታዋለች። በግልጽ የተቀመጠን ነገር ማወቅ ነውር እንዳልሆነ፣ ነውሩ አለማወቃችንን በመሐላ መሸፈን እንደሆነ መንደሩ ተማረ። አንዱ ሰማይ አይታረስ ሲል ሼሁ «ባይታረስም ይታያል» ይሉታል።

አሁን ማንም ወሬ ይዞላቸው ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነው፦ «አይተህ ነው፣ ወይስ ሻይ ጠጥተህ?»