ወደ ኋላ የሚለው ፒክአፕ

ከመተማ ዮሐንስ ወደ ገንዳ ውሃ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሰሊጥ ነጋዴ ሐጂ አጠገባቸው ያለው ሰው መካኒክ መሆኑን ሲሰሙ ወሬ ጀመሩ።

«ፒክአፔን ወደ ፊት እየነዳሁት ዳሽቦርዱ የኋላ ማርሽ ነው ይለኛል። ነገ ካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን እንዳለ፣ ላስወርደው ነው።»

«ጉልበቱ ቀንሷል?»

«ኧረ ወላሂ! ሰሊጥ ጭኖ ዳገት ይወጣል።»

«ሲነሳስ?»

«ማርሹን ነቅነቅ ካላደረግሁት አይነሳም።»

«እንግዲያ ካምቢዮው ደህና ነው ሐጂ፣ አያስወርዱት። የሚዋሸው የትኛው ማርሽ እንደገባ የሚናገረው ሴንሰር ነው። ውሃ ነክቶት ይሆን?»

«ጭቃው እንዲለቅ ብዬ በእርሻው የውሃ ፓምፕ ከሥሩ አጥቤዋለሁ።»

«ትራክተር መሰለዎት እንዴ?»

«እኔማ ከሱዳን ስለመጣ አገሩ ናፍቆት መስሎኝ ነበር።»

«መኪና አገር ይናፍቀዋል?»

«ስንት ዓመት ኖሮበት! ለምን አይናፍቀውም?»

«በሉ የሴንሰሩን ሶኬት ነቅለን እናድርቀው፤ እምቢ ካለ ሴንሰሩን እንቀይራለን። ከዚያም ወዲያ ወደ ኋላ ካለዎት ቪዛ ያውጡለት።»

እኔ ሳላስበው ዞሬ፣ በኋላው መስታወት እየራቀ የሚሄደውን የመተማንና የሱዳንን መንገድ አየሁ።