«አያምም» የተባለው ምርመራ

ኡስታ ኤርጋሽ በኡዝቤኪስታኗ ኮካንድ ከተማ ገበያ የመረጡትን ሐብሐብ ከፍ ሊያደርጉ ሲሉ ከቀኝ እጃቸው አምልጦ መሬት ላይ ፈረጠ። ሻጩ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ጢም ላጪ ናቸው፤ «ኡስታ» የሚባሉትም የእጅ ባለሙያ በመሆናቸው ነው፤ ያ እጅ ምላጭ ይዞ የሰው ጉሮሮ ላይ የሚያርፍ እጅ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ጣቶቻቸው ይደነዝዛሉ፤ በቅርቡም የአንድ ደንበኛቸውን አገጭ ቆርጠዋል።

«ደኅና ዋሉ ኡስታ?» አለች ከኋላቸው አንዲት ወጣት። የጎረቤታቸው ልጅ ማቭሉዳ ናት፤ ታሽከንት ተምራ ተመልሳ በከተማው ሆስፒታል የነርቭ ምርመራ ክፍል ሐኪም ሆናለች።

«እኔ ደኅና ነኝ ልጄ። ሐብሐቡ ነው ያልታደለው።»

«ሰኞ ክፍላችን መጥተው ምርመራውን አቋርጠው ወጡ አሉኝ። ምነው?»

የኡስታ ፊት ቀላ። «ባልደረባሽ ‹ምንም አያምም አባቴ› አለኝ፤ ወዲያው ክንዴን መብረቅ መታኝ! ጣቶቼ ሳላዛቸው ዘለሉ። ቀጥሎ መርፌ ሲያነሳ ባየሁ ጊዜ ቆቤን አንስቼ ወጣሁ። ሰው ሕመሙን ሊናገር ሄዶ ሌላ ሕመም ይጨመርለታል? የድሮ ሐኪም እኮ የደም ሥር ዳስሶ፣ ምላስ አይቶ ይበቃው ነበር።»

የኡስታ ቁጣ ከንቱ አልነበረም። ሕመሙን ይችሉት ነበር፤ የከፋቸው መታለላቸው ነው። ብዙ የተማረ ሰው ይህን አይለይም፤ በሽተኛው ሲሸሽ «አላዋቂ» ይለዋል እንጂ «ምን ብዬ አስደነገጥኩት?» ብሎ ራሱን አይጠይቅም።

«ባልደረባዬ አጥፍቷል» አለች ማቭሉዳ። «ያማል ኡስታ።»

ቀና ብለው አዩዋት። «ያማል?»

«ኤሌክትሪኩ ያስደነግጣል፤ ግን ብልጭ ብሎ ይጠፋል። መርፌው ቀጭን ነው፤ ጡንቻ ውስጥ ሲገባ ይቆጠቁጣል። ከምርመራው በኋላም ቦታው ትንሽ ሊሰማዎ ይችላል።»

«ይህን እያወቅሽ ነው ይምጡ የምትይኝ? ነጋዴ ብትሆኚ በረሃብ ታልቂ ነበር!»

«እርስዎስ አገጩ ላይ ብጉር ያለበት ሰው ሲመጣ ምን ይሉታል?»

«‹እዚህ ጋ ያቃጥላል፣ አትንቀሳቀስ› እለዋለኋ። ሳልነግረው ብነካውማ ይዘላል፤ ሲዘል ይቆረጣል።»

«እኛም እንደዚያው ልንነግርዎ ይገባን ነበር።»

ኡስታ የፈረጠውን ሐብሐብ በእግራቸው ገፋ አደረጉ። «ግን ይሄ ሁሉ ለምን? መደንዘዙን እኔው ነግሬያችኋለሁ።»

«ነግረውናል። ነርቩ የተጨመቀው አንገትዎ ላይ ይሁን የእጅ አንጓዎ ላይ ግን በመዳሰስ ብቻ እርግጠኛ መሆን አልችልም። መሣሪያው ነርቩ የሚያስተላልፈው መልእክት የት ቦታ ላይ እንደሚዘገይ ያሳየናል። ቦታው ሳይታወቅ ማከም በጨለማ እንደ መላጨት ነው። ብንቆይ ደግሞ የአውራ ጣትዎ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ያን ጊዜ መመለሱ ይከብዳል።»

«መሃል ላይ ‹በቃ› ብልሽስ?»

«አቆማለሁ። ያርፉና ሲፈልጉ እንቀጥላለን።»

በማግስቱ ሄዱ። ማቭሉዳ አስቀድማ እጃቸውን ለብ ባለ ውኃ አሞቀች፤ የቀዘቀዘ እጅ ውጤቱን ያዛባልና። ከእያንዳንዱ ምት በፊት «አሁን» ትላለች። ጣቶቻቸው ዘለሉ፤ እሳቸው ግን ከአልጋው አልዘለሉም። መርፌው ሲገባ ግን «በቃ!» ብለው ጮኹ።

ወዲያው አወጣችው። ኡስታ ተገረሙ፤ የምሯን ታቆማለች ብለው አላሰቡም ነበር። ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ ግንባራቸውን ጠርገው፣ «ቀጥዪ፤ ልፈትንሽ ብዬ ነው» አሉ። ሁለቱም ሳቁ።

ነርቩ አንጓቸው ላይ ተጨምቆ ተገኘ፤ ግን ገና አልሞተም። በትንሽ ቀዶ ሕክምና ተለቀቀ፤ የብርዱ ወራት ሲያልፉ ኡስታ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ማቭሉዳም ባልደረቦቿን መክራ «ምንም አያምም» ማለትን ከክፍሉ አስቀረች። እውነቱን አስቀድሞ የሰማ፣ አቁሙ ሲል እንደሚያቆሙለት ያወቀ ሰው ይታገሣል፤ የታገሠም በሽታው በጊዜ ይታወቅለታል።

አንድ ቀን የኡስታ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሹፌር እጁ እንደሚደነዝዘው አጫወታቸው። «ሐኪም ለምርመራ ልኮኛል፤ ግን ያማል ይላሉ። እውነት ነው?»

«ያማል» አሉ ኡስታ፣ ምላጩን በጉሮሮው ላይ በእርጋታ እያንሸራተቱ። «ሕመሙ ግን እዚያው ክፍል ይቀራል፤ አንተ እጅህን ይዘህ ትወጣለህ።»