‹አጥፋ› የሚለው ቃል

ከቢቸና ተነሥቼ ሞጣ መናኸሪያ እንደ ወረድሁ ያገሬን ሰው መሪጌታ አካለ ወልድን አገኘኋቸው። ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው እንደ ታመመ ጫጩት ደረታቸው ላይ ይዘውታል።

«የኔታ፣ ምን ሆኑ?»

«ፋንታ፣ እግዚአብሔር ነው የላከህ። የመምህሬ ድምፅ ሊሞትብኝ ነው።»

መምህራቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በሕይወት ሳሉ የተቀዳው ቅኔያቸው አርባ አንድ ነበር፤ ከዚያ ስልክ በቀር ሌላ ቦታ የለም። አሁን አርባ ነው። አንዱን ሲያዳምጡ የቤተ ክርስቲያን ደወል ተሰማና ድምፁን ሊያጠፉ ‹አጥፋ› የሚለውን ነኩ፤ ስልኩ ቅኔውን ራሱን አጠፋው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በየአሥር ደቂቃው ስልኩም ራሱ ይጠፋል። ቢቸና ያለ ጠጋኝ አየና «አሮጌ ነው፣ የሠራው ኩባንያም ትቶታል፤ ይጣሉት» አላቸው።

ይጣሉት! ይህችን ቃል አውቃታለሁ። የቀበሌ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሳለሁ፣ የተማሩት አለቆቼ «የስምንተኛ ክፍል አማርኛ፣ ይጣል» ብለው በሰው ፊት ቃሌን ሰርዘው ሳቁብኝ። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

መሪጌታን ወደ ሳቢራ ሱቅ ወሰድኋቸው። ሳቢራ የሞጣ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ተምራ ስልክ ትጠግናለች። አገላብጣ አየችው።

«የኔታ፣ ስልኩ ደህና ነው፤ ሲስተሙ ነው የከበደው። ቅጂዎቹን አውጥቼ፣ ስልኩን ባዶ አድርጌ፣ ሌላ ቀላል ሲስተም እጭንበታለሁ። ክፍት ምንጭ ይባላል።»

«ክፍት ምንጭ?» መሪጌታ ስልኩን መልሰው ያዙት። «ልጄ፣ ክፍት ምንጭ ከብት ይረግጠዋል፣ አልቅት ይገባበታል። ጤና ኬላ ‹ክደኑ› እያለ የሚጨቀጭቀን ለምን ሆነና!»

ደግ አሏት ብዬ በልቤ ሳቅሁ። የተማረ ሰው ሲረታ ደስ ይለኛል፤ ምን ላድርግ።

ሳቢራ ግን አልተቆጣችም። «በተከደነው ውስጥ አልቅት ቢኖር በምን ያዩታል? የተከፈተው ሲስተሙ የተሠራበት ጽሑፍ ነው፣ ማንም አይቶ እንዲያርመው፤ የእርስዎ ቅጂ አይደለም። ቅኔ ቤት ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ በጉባኤ ይናገር የለም? ስሕተቱ የሚታረመው ስለ ተሰማ ነው።»

«የሚሰማው መምህር ነዋ! ይህንን ማን ይሰማዋል? የሁሉም የሆነ የማንም አይደለም።»

«እውነትዎን ነው፤ ማንም ሳያየው የሚቆይ ስሕተት አለ። ሁሉም ስልክ አይቀበለውም፣ የባንክ አፕም አንዳንዴ ያስቸግራል። አልዋሽዎትም። ግን ያንን ‹አጥፋ› የጻፈብዎትን ሰው ያውቁታል?»

«ከየት አውቄው!»

«እንግዲያ ማንን ያርማሉ? እኔ አብሬ በምጭነው ድምፅ መቅጃ ግን አማርኛውን የምናርመው እኛው ነን። ባለፈው ወር ለሠሪዎቹ ሦስት ቃል ላክሁ፣ ተቀበሉኝ።»

መሪጌታ ስልኩን አገላበጡት። «አጥፋ . . . ሰሙ ዝም ማሰኘት፣ ወርቁ መደምሰስ። ሰምና ወርቅ ሳይለይ ቅኔ የሚዘርፍ ደንቆሮ!» አሉና ስልኩን ሰጧት።

ቅጂው ወደ ኮምፒውተሯ ሲወጣ አሥራ ሁለተኛው ቅኔ ላይ ስልኩ ጠፋ። እንደ ገና አስነሣችው፤ ሃያ ስድስት ላይ ጠፋ። ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ሲጠፋ መሪጌታ «አቡነ ዘበሰማያት» ጀመሩ። በመጨረሻ አርባው ሞላ። ሳቢራ አንድ ባንድ እየከፈተች አሰማቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ስልኩን ባዶ አደረገችው።

የቀትር አዛን ተጀምሮ እስኪያበቃ ማያው እንደ ጠቆረ ነበር። ምነው ባላመጣኋቸው አልሁ። ከዚያ ቦግ አለ፤ ቅጂዎቹን ስትመልስበት የአረጋዊው መምህር ድምፅ ሱቁን ሞላው። መሪጌታ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

አንባቢ ሆይ፣ እኔም እንዳንተ ተጠራጣሪ ነበርሁ። ነገር ግን ይጣል የተባለው ስልክ አልተጣለም። መቅጃው ‹ስምህን አስገባ፣ ስልክ ቁጥርህን ስጥ› አይልም፣ ድምፁንም ወደ ማንም አይልክም። ከሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነው።

«እዚህም መቅጃ ላይ ቅጂ የምትደመስስ አንዲት ‹አጥፋ› ቀርታለች፤ ምን እንበላት?» አለች ሳቢራ።

«ፋንታን ጠይቂው፤ ጸሐፊ ነበር» አሉ መሪጌታ።

«‹ሰርዝ› በያት» አልኋት። «የተሰረዘ ቃል እንደማይመለስ እኔ አውቃለሁ።»

ጻፈችና ለሠሪዎቹ ላከችው። እኔ ቢቸና ገብቼ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ፤ እንደ ቀበሌው ይስቁብኝ ይሆን እያልሁ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ደወለች።

«ጋሼ ፋንታ፣ ቃልዎ አልተሰረዘም። ገብቷል።»