ያልተወዛወዘ ወፍ

ሰው በሽታውን ሲያባብል ማየት ያናድደኛል፤ ያ ሰው የማከብረው ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል።

ቤጂንግ ውስጥ፣ ከሰፈራችን ጀርባ ባለው መናፈሻ፣ ወፍ አርቢዎች ጠዋት ጠዋት ይሰበሰባሉ። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ወፍ የለኝም፣ ጨዋታ ግን እወዳለሁ። አንድ የመከር ማለዳ ወደዚያ ሳዘግም ጎረቤቴን ጋሽ ቺያዎን አገኘኋቸው። አንገታቸውን በሻርፕ ጠምጥመው ተቀምጠዋል። ዘማሪ ወፋቸውም በቀርከሃ ቤቱ ውስጥ ጭጭ ብሏል።

ወፉን ለሌላ ሰው ሊሰጡት መምጣታቸውን ነገሩኝ። ማጅራታቸውና ትከሻቸው ከተያዘ ወዲህ እንደ ሌሎቹ የወፉን ቤት ቅርንጫፍ ላይ መስቀል አቅቷቸዋል፤ ወፉም መዝፈን ትቷል። ሚስታቸው ከሞቱ ጀምሮ ቤት ውስጥ የሚያነጋግሩት እሱን ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ።

ይህን ስንጫወት ሩይሊን ደረሰች። የሰፈራችን ልጅ ናት፤ የአገራችንን የጥንት ሕክምና ኮሌጅ ገብታ ተምራ እዚያው ማዶ ክሊኒክ ትሠራለች።

"ጋሼ፣ በዚህ ፀሐይ ለበረዶ ነው እንዴ የታጠቁት?" አለቻቸው።

ንፋስ እንዳይገባባቸው መሆኑን ነገሯትና፣ ኮሌታቸውን ገለጥ አድርገው ዋግምት ያጠቆረውን ትከሻቸውን እንደ ሜዳሊያ አሳዩን። ካልጠቆረ በሽታው አልወጣም ባይ ናቸው። ዋግምት ካደረጉ በኋላ ክንዳቸውን ንቅንቅ አያደርጉትም።

"ዋግምትን አልንቅም ጋሼ" አለች፤ "እኔም አደርጋለሁ፣ መርፌም እወጋለሁ፣ ደረቅ አሪቲ አቀጣጥዬም ቆዳውን አሞቃለሁ። ጥቁረቱ ግን ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም እንጂ የወጣ በሽታ አይደለም። ሕክምናው ጡንቻውን ያላላዋል፤ የላላውን ካላንቀሳቀሱት ተመልሶ ይታሰራል።"

"የታመመ ክንድ ያርፋል እንጂ ይሠራል? አባቶቻችን ሞኞች ነበሩ ልትይኝ ነው?"

"ኧረ በጭራሽ። እስቲ እርስዎ ያስተምሩኝ፤ ወፍ ሲያንሸራሽሩ ቤቱን ለምን ያወዛውዙታል?"

ጋሽ ቺያዎ ስለ ወፍ ከተጠየቁ ሕመማቸውንም ይረሳሉ። "እንጨቱን ቆንጥጦ እንዲይዝ ነዋ! ያልተወዛወዘ ወፍ እግሩ ይዝላል፣ ድምፁ ይዘጋል። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።"

"ታዲያ ጋሼ፣ እርስዎንስ ማን ያወዛውዝዎት?"

ሽማግሌው ወፉን አዩት፣ ክንዳቸውን አዩ። "ምላስሽ ከመርፌሽ ይብሳል" አሉና ወፋቸውን ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ።

በማግስቱ ክሊኒኳ ገቡ። ሩይሊን መጀመሪያ እጃቸው መደንዘዝ አለመደንዘዙን መረመረች፤ ከዚያ መርፌው፣ ሙቀቱ፣ ማሸቱ ተከተለ። የቤት ሥራም ሰጠቻቸው፤ ወፉን በየማለዳው እያወዛወዙ እንዲሄዱ፣ ቤቱንም መጀመሪያ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ፣ እየቆየ ከፍ ባለው ላይ እንዲሰቅሉ። ሲያማቸው ቀነስ ታደርግላቸዋለች እንጂ ተዉት አትልም። ክረምቱን ሙሉ ሲያጉረመርሙ ከረሙ፤ ግን አንድም ማለዳ አልቀሩም።

ጸደይ ሲገባ ያለ ሻርፕ መጡ። አንዱ ወፍ አርቢ ሊያግዛቸው እጁን ሲዘረጋ "እጅህን ሰብስብ" አሉት። ቤቱን ከራሳቸው በላይ አንስተው ከሁሉም ከፍ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉና መሸፈኛ ጨርቁን ገለጡት። ወፉ አንዴ ዙሪያውን ቃኝቶ ዘፈኑን ለቀቀው። አርቢዎቹ ሁሉ ጨዋታቸውን አቋርጠው አዳመጡ። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ፣ አለቀስኩ!

ዛሬ ጋሽ ቺያዎ እንቅልፍ ይተኛሉ፣ ፀጉራቸውን በራሳቸው እጅ ያበጥራሉ። መርፌና ዋግምት መንገድ ይጠርጋሉ፣ መራመዱ ግን የባለቤቱ ነው እያሉ ለመጣው ሁሉ ይሰብካሉ። እኔንም አልማሩኝም። አግዳሚው ወንበር ላይ ትንሽ አረፍ ስል "ተነሺ አስተማሪዋ፣ ድምፅሽ ይዘጋል!" ይሉኛል። እኔም እነሣለሁ።