ከቦርከና ማዶ የወደቀችው ነጥብ

ከሚሴ የውሃ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። በጂፒኤስ የተለኩ የጉድጓድ ቦታዎችን ፋይል አዘጋጅቼ ካርታ ላይ መጫን ነበረብኝ፤ ቆፋሪዎቹ ካርታውን ሊወስዱ መኪና አስነስተው ይጠብቁኛል። ብጭነው ነጥቦቹ በሙሉ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ገቡ! ለካ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን አቀያይሬ ጽፌዋለሁ። አስተካከልኩና ሁሉም ጨፋ ሸለቆ ላይ አረፉ። እፎይ ብዬ ካርታውን ሰጥቼ ሸኘኋቸው።

ከሄዱ በኋላ ነው አንዷ ነጥብ ከቦርከና ወንዝ ማዶ መውደቋን ያየሁት። የመስክ ደብተሩን ብገልጥ ሰባቷን አንድ ብዬ አንብቤያታለሁ። ወደ ሹፌሩ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። ከወንበሬ ብድግ ብዬ ጉድጓዱ ለሚቆፈርለት መንደር ሽማግሌ ለሸህ አሕመድ ደወልኩ።

«አባ፣ ቆፋሪዎቹ ደረሱ እንዴ?»

«ደርሰዋል። ከወንዙ ማዶ መቃብራችን ላይ ቆመው ብረት እያወረዱ ነው። እኔም አላስቆፍርም ብዬ ከፊታቸው ተቀምጫለሁ።»

«ወላሂ የእኔ ጥፋት ነው፣ አባ! አንዲት ቁጥር ተሳስቼ ነው።»



«ልጄ፣» አሉ፣ «ውሃ የጠየቅነው እኛ ነን እንጂ ሙታኑ አይደሉም። በል ለዚህ ሹፌር ንገረውና ልነሳ፤ ፀሐዩ በረታብኝ።»

ስልኩን አቀበሉት። ትክክለኛውን ቁጥር አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ሁለት ጊዜ መልሶ እንዲያነብልኝም አደረግሁ። ከዚያ የመኪናው ሞተር ሲነሳ፣ ሸህ አሕመድም «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ በስልኩ ሰማሁ። ያኔ ነው ወንበሬ ላይ የተቀመጥኩት።